ትንሽ ክርስቲያን ኮሌጅ ስንመርጥ በምን እናወዳድር?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዙሪያቸው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ከየካቲት ማብቂያ ጀምሮ በኮሌጅ ደብዳቤ ይሞላል። ከትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ መካከል፣ ወላጆች ስማቸውን ሰምተው የማያውቋቸው፣ አንድ ወይም ሁለት ሺህ ተማሪ ብቻ ያላቸው ክርስቲያን ኮሌጆች የላኩትም ይገኝበታል። ወላጅ ልጁ ሃይማኖቱን ሳይለቅ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ይዞ እንዲወጣ ይመኛል፤ የ17 ዓመቱ ልጅ ግን ገና ቁርጡን አላወቀም፤ ዛሬ ነርሲንግ ያለው በዓመቱ ኢኮኖሚክስ፣ በሁለት ዓመቱ ደግሞ ማኅበራዊ ሥራ ሊል ይችላል። ሁለት ልጆቼን ለኮሌጅ ካበቃሁና የብዙ ዘመድ ልጆችን ማመልከቻ አብሬ ካነበብኩ በኋላ የደረስኩበት አቋም አንድ ነው፤ ትንሽ ኮሌጅ መመዘን ያለበት ልጁ ሐሳቡን በለወጠ ቀን እዚያው ቆይቶ፣ ጊዜና ገንዘብ ሳያባክን፣ ሌላ መንገድ መያዝ ይችላል ወይ በሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ስድስት ኮሌጆችን እያነሣሁ አወዳድራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስድስቱ ኮሌጆች በአጭሩ

ዊተን ኮሌጅ በኢሊኖይ፣ ከቺካጎ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በ1860 የተመሠረተ፣ ከአንድ ቤተ እምነት ጋር ያልታሰረ ወንጌላዊ ኮሌጅ ሲሆን 2,100 ያህል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አሉት፤ ሰባኪው ቢሊ ግራሃም በ1943 የተመረቀው ከዚህ ነው፣ ያጠናውም አንትሮፖሎጂ ነበር። ካልቪን ዩኒቨርሲቲ በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ ከተማ በ1876 የተመሠረተ፣ የክርስቲያን ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ሲሆን፣ 3,000 አካባቢ ተማሪ ስላለው ከስድስቱ ትልቁ ነው። ሜሳያ ዩኒቨርሲቲ በፔንሲልቬኒያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ ይገኛል፤ በ1909 ብሬዝረን ኢን ክራይስት የተባለው ቤተ እምነት የመሠረተው ነው። ኢስተርን ሜኖናይት ዩኒቨርሲቲ በቨርጂኒያ ሃሪሰንበርግ በ1917 ተቋቋመ። ዋሽንግተን አድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ በታኮማ ፓርክ ከ1904 ጀምሮ አለ። ስድስተኛው፣ ከሌሎቹ ሁሉ በአሠራሩ የሚለየው፣ በኬንታኪ የሚገኘው ቤርያ ኮሌጅ ነው፤ በ1855 የባርነት ተቃዋሚው ጆን ፊ የመሠረተው፣ ስሙንም ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የወሰደ ኮሌጅ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ «ኮሌጅ» የሚለውን ስም ትተው «ዩኒቨርሲቲ» የተባሉት አንዳንዶቹ ስሙን የለወጡት በቅርቡ ነው፤ ካልቪን በ2019፣ ሜሳያ በ2020፣ የታኮማ ፓርኩም በ2009። የስም ለውጡ የሚሰጡትን ትምህርት ስፋት አይነግረንም፤ ወላጅ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል አይቶ የተሻለ ነው ብሎ ባይቸኩል መልካም ነው።

ከዚህ ዝርዝር ያወጣኋቸው ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጆች ናቸው። እነሱ በአብዛኛው ለአገልግሎት የሚያዘጋጁ በመሆናቸው፣ ልጁ ወንጌላዊ ወይም መጋቢ ለመሆን ከቆረጠ ጥሩ ናቸው፤ ሒሳብ ወይም ኬሚስትሪ የሚፈልግ ልጅ ግን እዚያ ቦታ የለውም። በማሳቹሴትስ ብሩክላይን ያለው የግሪክ ኦርቶዶክስ ሄለኒክ ኮሌጅም ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚታሰብ ቢሆንም፣ የሚሰጣቸው ዘርፎች ጥቂት ስለሆኑ ከዚህ መመሪያ ጉዳይ ውጭ ይሆናል።

«ክርስቲያን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

እኛ ዘንድ «ክርስቲያን» ስንል ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም ራሱን የሚያይበት ቃል ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ቋንቋ ግን ቃሉ ብዙ ጊዜ ወንጌላዊ ፕሮቴስታንትን ያመለክታል፤ ከዚያም አልፎ ኮሌጅ ከኮሌጅ የሚለያየው ሃይማኖቱን በማን ላይ ግዴታ እንደሚያደርገው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ መምህሩ ምን ይፈርማል፣ ተማሪው ምን ይፈርማል፣ ጸሎቱስ በግድ ነው ወይስ በፈቃድ።

በዊተን መምህራን የኮሌጁን የእምነት መግለጫ በየዓመቱ ያረጋግጣሉ፤ ተማሪዎችም የኮሌጁን የኅብረት ቃል ኪዳን ይቀበላሉ። ቃል ኪዳኑ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በትምህርት ዘመኑ ወቅት፣ ካምፓስ ውስጥም ሆነ ውጭ፣ ከመጠጥና ከትንባሆ እንዲርቅ ይጠይቃል። ቻፕል በሚባለው የኮሌጁ የጸሎት ጉባኤ ላይ መገኘትም ግዴታ ነው። ለወንጌላውያን ቤተሰብ ይህ የልብ የሚያደርስ ነው፤ ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ግን ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል፤ ልጁ ለበዓል ወደ ቤቱ መጥቶ አያቱ ጠላ ሲቀዱለት የፈረመውን ማስታወስ ይኖርበታልና። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት አንድ የፍልስፍና መምህር ወደ ካቶሊክ እምነት በመግባቱ በዊተን ሥራው እንዳልቀጠለ በጋዜጦች ተዘግቦ ነበር፤ ኮሌጁ ፕሮቴስታንታዊ ማንነቱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ያሳያል። የተዋሕዶ ልጅ ሊማር ይችላል፤ ከመምህራኑ መካከል የእሱን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው አገኛለሁ ብሎ ግን ከወዲሁ ተስፋ አያድርግ።

በካልቪን ነገሩ ይለያል። ትምህርቱ የካልቪናውያንን አስተሳሰብ፣ ማለትም የምድር ነገር ሁሉ፣ ሳይንሱም ንግዱም፣ የእግዚአብሔር ነው የሚለውን እምነት ይዞ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቻፕሉ በትምህርት ቀናት ቢካሄድም መገኘት በተማሪው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። በእኔ ግምት ለአንዳንድ ልጅ ይህ የተሻለ ነው፤ ሳይገደድ ጸሎት ቤት የገባ ልጅ ልማዱን ይዞት ይወጣል። ሌላው ልጅ ደግሞ ካልተጠራ የማይነሣ ነው፤ ወላጅ ልጁን ያውቃል። ሜሳያ ሠራተኞቹን የሚጠይቀው የሐዋርያትን የሃይማኖት መግለጫ እንዲቀበሉ በመሆኑ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን እየደገመ ላደገ የተዋሕዶ ልጅ በሩ በአንጻራዊነት ሰፋ ያለ ነው።

ኢስተርን ሜኖናይት ለእኛ ሰው የሩቅ አይደለም። በ1940ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የሜኖናይት ሚስዮናውያን በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታል አቋቁመው ነበር፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አመጣጥም ከእነሱ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው። የሜኖናይት እምነት ጦር መሣሪያ አለማንሣትንና እርቅን ከእምነቱ ሥር ያደርጋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሰላም ግንባታ ማዕከል ትምህርቷን የተከታተለችው ላይቤሪያዊቷ ሌይማ ቦዊ በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸልማለች። ከጦርነት ወሬ ጋር ላደገ የእኛ ልጅ ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የታኮማ ፓርኩ ዩኒቨርሲቲ ሰንበትን የሚያከብረው ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ነው፤ በዚያ ጊዜ ትምህርት የለም። ቅዳሜን ለጥናት የሚተማመንበት ልጅ ይህን ቀድሞ ይወቅ። በሻሸመኔ አቅራቢያ ያለውን የኩየራን የአድቬንቲስት ኮሌጅ የሚያውቁ ወላጆች አሠራሩን በቀላሉ ይረዱታል። ቤርያ ደግሞ ከአንድ ቤተ እምነት ጋር ያልታሰረ ነው፤ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ የሚለውን ቃል መሪው አድርጎ ጥቁርና ነጭን፣ ሴትና ወንድን በደቡብ ግዛቶች ካሉ ኮሌጆች ሁሉ ቀድሞ በአንድነት ያስተማረ ኮሌጅ ነው። በ1904 የኬንታኪ ሕግ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ ከልክሎ ለዓመታት አስተጓጉሎታል። ከተማሪ የእምነት ፊርማ አይጠይቅም፤ ከስድስቱ በሃይማኖት በኩል የላላው እሱ ነው። ልጄ በጠንካራ የጸሎት ማኅበረሰብ መካከል ይኑርልኝ የሚል ወላጅ በዚህ ረገድ ቤርያን አያስቀድም።

የትምህርቱ ስፋት እንዴት ይመዘናል?

ኮሌጆች ሁሉ «ከዚህ ያህል በላይ የትምህርት ዘርፍ አለን» ይላሉ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ አንድ ዘርፍ በሦስት ስም ተከፋፍሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ከአንድ መምህር በስተቀር ሰው የሌለበት ክፍልም «ሜጀር» ተብሎ በዝርዝሩ ይገባል። ስፋቱን በእጅ መዳሰስ የሚቻልባቸው መንገዶች ግን አሉ።

የመጀመሪያው የኮሌጁን ካታሎግ ማንበብ ነው። ከታናሿ ልጄ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። ፊዚክስ ትወድ ስለነበር የአንድ ትንሽ ኮሌጅን ካታሎግ አወጣንና፣ ለፊዚክስ ዲግሪ የሚያስፈልጉትን ኮርሶች በወረቀት ላይ አንድ በአንድ ጻፍን፤ ከጎናቸውም በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጡ። ከአሥራ አንዱ የፊዚክስ ኮርሶች ሰባቱ «በየሁለት ዓመቱ» የሚል ምልክት ነበራቸው። የክፍሉ የሙሉ ጊዜ መምህራን ሁለት ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ያመለጣት ወይም የወደቀች ልጅ ሁለት ዓመት ትጠብቃለች፣ በሁለተኛ ዓመቷ ወደ ፊዚክስ ልዞር ብትል ደግሞ በአራት ዓመት አትጨርስም ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ፊዚክስ አለ፤ ሐሳቧን ዘግይታ ለለወጠች ልጅ ግን የለም። ይህን ሥራ ለመሥራት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቂ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር አላውቅም።

ሁለተኛው መንገድ የመንግሥት መረጃ ነው። የትምህርት ስታቲስቲክስ ብሔራዊ ማዕከል በሚያዘጋጀው «ኮሌጅ ናቪጌተር» ላይ የኮሌጁ ስም ሲገባ፣ በእያንዳንዱ ዘርፍ በአንድ ዓመት ስንት ሰው እንደተመረቀ ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ላይ ስንት ዘርፍ እንዳለ ከመቁጠር ይልቅ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ተመራቂ ያላቸው ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ዜሮና አንድ የሚደጋገምበት ኮሌጅ ስፋቱ በስም ብቻ ነው፤ እንዲህ ያሉ ዘርፎች ኮሌጁ ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚዘጉት ናቸው።

በዚህ ሚዛን ካልቪንና ሜሳያ ጎልተው ይወጣሉ። ሁለቱም ሙሉ የምህንድስና ትምህርት በራሳቸው ካምፓስ ይሰጣሉ፤ ፕሮግራሞቻቸውም የምህንድስና ትምህርትን የሚመዝነው ኤቤት የተባለው ተቋም ዕውቅና ያላቸው ናቸው። በካልቪን የሲቪል፣ የመካኒካል፣ የኬሚካልና የኤሌክትሪክ አቅጣጫ መያዝ ይቻላል። ከዚሁ ጎን ነርሲንግ፣ ንግድ፣ ፍልስፍና፣ ሙዚቃና ታሪክ አሉ። ብዙ ትናንሽ ኮሌጆች ምህንድስና አለን ሲሉ ግን ሦስት ዓመት እነሱ ዘንድ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩበትን ጥምር ዲግሪ ማለታቸው ነው። መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን አምስት ዓመት ነው፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ የራሱ መመዘኛና የራሱ ክፍያ አለው፣ ልጁም ጓደኞቹንና የለመደውን ማኅበር ትቶ ይሄዳል። ብሮሹሩ ይህን በትንሽ ፊደል ስለሚጽፈው ጠይቁ።

ዊተን ጥንካሬው ሌላ ነው። የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ አለው፤ የጂኦሎጂ ተማሪዎቹ በሳውዝ ዳኮታ ብላክ ሂልስ ወዳለው የሳይንስ ጣቢያው ወርደው ድንጋይን በእጃቸው እየዳሰሱ ይማራሉ፤ በሥነ መለኮት፣ በታሪክ፣ በቋንቋና በማኅበረሰብ ሳይንስ የታወቀ ነው። ወደ ሕግ ወይም ወደ ከፍተኛ ምርምር ለመሄድ ለምታስብ፣ መጻፍና መከራከር ለምትወድ ልጅ ከስድስቱ እሱን አስቀድማለሁ። ኢስተርን ሜኖናይት በመጠኑ ትንሽ ስለሆነ ስፋቱ ከካልቪን አይደርስም፤ ሆኖም ተማሪው ከራሱ ባህል ውጭ ወጥቶ እንዲማር የሚጠይቅ ሥርዓት አለው፣ ነርሲንግና መምህርነትም አሉት። የታኮማ ፓርኩም እንዲሁ ትንሽ ነው፤ በጤና ሙያ ለቆረጠ ልጅ ይበቃል፣ ገና ለሚያመነታ ልጅ ግን ምርጫው ቶሎ ያልቃል።

ስለ ነርሲንግ ለብቻው

በእኛ ማኅበረሰብ ከየትኛውም ሙያ ይልቅ ነርሲንግ ስለሚፈለግ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ኮሌጁ መቀበሉና የነርሲንግ ክፍሉ መቀበሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዳንዱ ኮሌጅ ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነርሲንግ ተማሪ አድርጎ ይቀበላል፤ ሌላው «ቅድመ ነርሲንግ» ብሎ ካስገባ በኋላ በዓመት ወይም በሁለት ዓመቱ እንደገና ያወዳድራል። የእህቴ ልጅ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትንሽ ኮሌጅ በዚህ መንገድ ገብቶ፣ ውጤቱ መጥፎ ሳይሆን፣ ቦታ ከሚጠይቀው ተማሪ ያነሰ በመሆኑ በሁለተኛ ዓመቱ ቀረ። በዚያ ኮሌጅ ከነርሲንግ ሌላ የጤና ዘርፍ አልነበረም። ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲዛወር የወሰዳቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርሶች ከአንዱ በቀር አልተቆጠሩለትም፤ የሁለት ሴሚስተር ያህል ትምህርት ባከነ። እህቴ በዚያ ዓመት የወሰደችውን ብድር አሁንም እየከፈለች ነው።

ስለዚህ ነርሲንግን የምታስቡ ሁሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ልጁ በቀጥታ ነው ወይስ በውድድር የሚገባው፤ ባለፈው ዓመት ካመለከቱት ስንቱ ገቡ፤ ያልገቡትስ ወዴት ሄዱ። ኤንክሌክስ የተባለውን የነርሶች ፈቃድ ፈተና በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉ ተመራቂዎችን መቶኛ ደግሞ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የፔንሲልቬኒያ የነርሲንግ ቦርዶች ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ያወጣሉ። የአንድ ዓመት ቁጥር በትንሽ ኮሌጅ በጥቂት ሰዎች ምክንያት ሊዋዥቅ ስለሚችል የአራትና የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን እዩ።

ገንዘቡ

በደብዳቤው ላይ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል፤ ብዙ ወላጅም በዚሁ ምክንያት ደብዳቤውን አጣጥፎ ያስቀምጣል። የግል ኮሌጅ የተለጠፈ ዋጋ ጥቂቶች ብቻ የሚከፍሉት ነው። በማሳቹሴትስ ያለው ጎርደን የተባለ ክርስቲያን ኮሌጅ በ2021 የተለጠፈውን የትምህርት ክፍያ በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል፤ ቀድሞም ብዙው ተማሪ ያን ዋጋ አይከፍልም ነበርና። ለምሳሌ አንድ ኮሌጅ ጠቅላላ ወጪው 52,000 ዶላር ሆኖ 27,000 የማይመለስ እርዳታ ቢሰጥ ለቤተሰቡ 25,000 ይቀራል፤ ሌላው 38,000 ብሎ 9,000 ቢሰጥ 29,000 ይቀራል። ውዱ ረከሰ ማለት ነው።

ሒሳቡ ትክክል እንዲሆን ግን ከደብዳቤው ላይ ብድርንና የካምፓስ ሥራን ማውጣት ያስፈልጋል። ኮሌጆች ስኮላርሺፕን፣ ብድርንና የሥራ ደመወዝን በአንድ ላይ ደምረው «እርዳታ» ይሉታል። ብድር ዕዳ ነው፤ የካምፓስ ሥራም ልጁ ሠርቶ በየጊዜው የሚቀበለው ደመወዝ ስለሆነ በነሐሴ ከሚመጣው ሒሳብ ላይ አይቀነስም። ስኮላርሺፑን ላለማጣት ልጁ በየዓመቱ ስንት አማካይ ውጤት መያዝ እንዳለበትም እዩ፤ ምህንድስና የገባ ልጅ በመጀመሪያ ዓመት ውጤቱ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ተብሎ የመጣ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ፋፍሳ የተባለውን የእርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ ማግኘት ይችላል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጠውና የማይመለሰው የፔል ግራንት ከፍተኛው መጠን በ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ቲፒኤስ የተባለው ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ ብቻ ያለው ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ግን የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ለእንዲህ ያለ ልጅ የኮሌጁ የራሱ ገንዘብ ብቻ ነው ተስፋው፤ ስለዚህ ከማመልከቱ በፊት ለእርዳታ ቢሮው ጽፎ ይጠይቅ።

የግዛት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከግዛቱ አይወጣም። የቨርጂኒያ ነዋሪ ኢስተርን ሜኖናይትን ቢመርጥ፣ የቤተሰቡ ገቢ ሳይታይ፣ ቨርጂኒያ በግል ኮሌጅ ለሚማሩ ነዋሪዎቿ የምትሰጠውን የትምህርት እርዳታ ያገኛል፤ ለሃይማኖት ሥልጠና ፕሮግራሞች ግን ይህ ገንዘብ አይሰጥም። የሜሪላንድ ልጅ የግዛቱን እርዳታ ይዞ ታኮማ ፓርክ መማር ይችላል፤ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ ከተማረ ደግሞ የዶርምና የምግቡ ወጪ ይቀርለታል። ያው ልጅ ወደ ዊተን ቢሄድ የሜሪላንድን ገንዘብ ትቶ ይሄዳል።

ቤርያን በዚህ ላይ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ከ1892 ጀምሮ ከተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ይሠራል፤ ከእንጨት ሥራ እስከ ቢሮ፣ ከእርሻ እስከ ቤተ መጻሕፍት። ለዶርምና ለምግብ እንደ ቤተሰቡ አቅም ሊከፈል ይችላል። የሚቀበለው ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦችን ልጆች ሲሆን፣ አብዛኛው ቦታም ለኬንታኪና ለአፓላችያ ተራሮች አካባቢ ልጆች የተያዘ ነው፤ ከሌላ ግዛት የሚመጣ ልጅ ፉክክሩ ይጠብቀዋል። ከውጭ አገርም ጥቂት ተማሪዎችን ስለሚቀበል፣ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ያለች ጎበዝ የዘመድ ልጅ ካለች ይህን ኮሌጅ ጠቁሙላት። የታክሲ ሹፌርና የሆቴል ሠራተኛ ልጆች ያለ ትምህርት ክፍያ የሚማሩበት ቦታ መኖሩን ብዙ የእኛ ሰው አለማወቁ ያሳዝነኛል።

ኮሌጁ ራሱ አራት ዓመት ይቆያል?

ይህን ጥያቄ ድሮ ማንም አይጠይቅም ነበር። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረው አልያንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የቀድሞው ናያክ ኮሌጅ፣ ከ1882 ጀምሮ የቆየ ሲሆን ዕውቅናውን አጥቶ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ የነበረው ኪንግስ ኮሌጅም ዕውቅናውን አጥቶ ትምህርት አቆመ። በማሳቹሴትስ ኢስተርን ናዛሪን ኮሌጅ በ2024 እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሦስቱም ትናንሽ ክርስቲያን ኮሌጆች ነበሩ። የተማሪ ቁጥር ሲቀንስና የመጠባበቂያ ገንዘብ ሲሳሳ፣ በክፍያ ላይ የሚኖር ኮሌጅ ብዙ አይቆምም።

የፌዴራል የትምህርት መሥሪያ ቤት ለግል ኮሌጆች ከ-1 እስከ 3 የሚደርስ የገንዘብ ጤንነት ነጥብ ያወጣል፤ 1.5 እና ከዚያ በላይ ያለው ጤነኛ ይባላል። የተማሪው ቁጥር ባለፉት አምስት ዓመታት ወዴት እንደሄደም እዩ። በዕውቅና ሰጪው ድረ ገጽ ላይ «ማስጠንቀቂያ» ወይም «በክትትል ላይ» የሚል ቃል ካገኛችሁ፣ የቀረበላችሁ ስኮላርሺፕ ቢያጓጓም ቆዩ።

ካምፓሱን ስትጎበኙ

ኮሌጁ በሚጋብዛችሁ የጉብኝት ቀን ብቻ አትሂዱ፤ በተራ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ። ልጁ በሁለት ክፍሎች ውስጥ ይቀመጥ፤ አንዱ አሁን የሚፈልገው ትምህርት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሐሳቡ ቢለወጥ ሊወስደው የሚችለው ይሁን። ካፌቴሪያው ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይታዘብ፤ ጥቁር ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ጥግ የሚቀመጡበት ቦታ አንድ ነገር ይነግራል።

ለጿሚ ልጅ ምግቡ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያውም በሁለተኛው ሴሚስተር መካከል። የአድቬንቲስት ኮሌጆች ሥጋ አለማቅረብ ልማዳቸው ስለሆነ ብዙ ወላጅ እዚያ ጾሙ አያስቸግርም ይላል። እኔም እንዲሁ አስቤ ልጄን ይዤ ወደ አንድ የአድቬንቲስት ካምፓስ ሄድኩ፤ ምስሩ አለ፣ ባቄላው አለ፣ ነገር ግን በጥብሱ ውስጥ እንቁላል፣ በፓስታው ላይ ዓይብ ነበረበት። ምግብ የምታቀርበው ሴትዮ ሁለቱ የሌሉበትን ለብቻው ለይታ በትሪ አሳየችን፤ ለየ ያለ ጥያቄ አልሆነባትም። በሌላ ኮሌጅ ይኸው ጥያቄ ሰላጣ ብቻ አስገኝቶልናል። የእኛ ስቅለትና ፋሲካ ከእነሱ ጋር በማይገጥምበት ዓመት፣ ልጁ ስቅለት ዕለት ፈተና ቢኖርበት መምህራኑ ይለውጡለት እንደሆነም የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮን ጠይቁ።

ከዊተን ቺካጎ በባቡር ስለሚደረስ እሑድ ማስቀደስም ሆነ የአማርኛ አገልግሎት ማግኘት ይቻላል። ቤርያ ከሌክሲንግተን 60 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ትንሽ ከተማ ናት፤ መኪና የሌለው ልጅ እዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ይርቃል።

ለማን የትኛው?

ገና ለሚያመነታና ሳይንስና ምህንድስና ለሚስበው ልጅ ካልቪንን፣ ከቤት ብዙ እንዳይርቅ ከተፈለገ ሜሳያን እመክራለሁ። በወንጌላዊ ቤት አድጎ ማንበብ ለሚወድ፣ ሕግና ደንብም ለማይከብደው ዊተን። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ፣ ሥራ ለማይንቅ ልጅ ቤርያ፣ ቢቀበሉት ከሁሉ በፊት። የቨርጂኒያ ነዋሪ ሆኖ ለሰው ማገልገል የሚወድ ልጅ ኢስተርን ሜኖናይትን ይየው። ከቤቱ መለየት ለማይችል፣ ሙያውንም ለቆረጠ ልጅ ታኮማ ፓርክ ቅርብ ነው። የተዋሕዶ ልጅ ከሆነ ሜሳያንና ካልቪንን ከዊተን አስቀድሞ ቢጎበኝ እወዳለሁ።

በብዙ ኮሌጆች ተማሪው መወሰንና መያዣ መክፈል ያለበት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ ቀን በፊት ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ኮሌጆች አንድ አንድ ኢሜይል ጻፉ፦ ልጃችን በሁለተኛ ዓመቱ ሜጀሩን ከዚህ ወደዚያ ቢለውጥ በአራት ዓመት ይጨርሳል ወይ፣ ስኮላርሺፑስ አብሮት ይቀጥላል ወይ። የሁለቱንም ዘርፎች ስም ጻፉ፣ መልሱም ከቅበላ ቢሮው ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ ኃላፊ እንዲመጣ ለምኑ። በትንሽ ኮሌጅ የክፍል ኃላፊ ራሱ ይመልሳል፤ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ መልስ ካላገኛችሁ መያዣውን ለሌላው ክፈሉ።